ረጅሙን የዌልስ ስም ሳይደናቀፉ ለመጥራት፦ ከ«ህላን» እስከ «ጎጎጎኽ»

ስዋንሲ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ማቆሚያው ላይ ቆሜ ወደ ጎረቤት ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ የትኛው እንደሆነ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ጠየቅኩ። ስልኬ ላይ ያለውን ስም እንደ እንግሊዝኛ አንብቤ «ላኔሊ» አልኳቸው። ሳቁ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። «አይ ካርያድ» አሉኝ። ካርያድ በዌልስ ቋንቋ «ፍቅሬ» ማለት ነው፤ እዚህ አገር እናቶች ለማንም መንገደኛ ይሉታል። ከዚያ ምላሳቸውን ከላይ ጥርሳቸው ጀርባ ለጠፍ አድርገው ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ አወጡ። አውቶቡሱ መጥቶ እስክሳፈር ድረስ አስደገሙኝ። ሾፌሩ ሳይቀር በሩን ከፍቶ አዳመጠ።

ብሪታንያ ውስጥ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ወደ ዌልስ ከተመደበ ብዙውን ጊዜ የሚላከው ከአራቱ ወደ አንዱ ነው፦ ካርዲፍ፣ ስዋንሲ፣ ኒውፖርት ወይም ሬክሳም። ሀበሻም ይደርሰዋል። ደብዳቤው ላይ፣ የአውቶቡሱ ግንባር ላይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ ያ የተንዛዛ ስም ይጠብቃችኋል። ለጉብኝት የምትመጡም አላችሁ። ይህችን መመሪያ ለሁላችሁም ጻፍኳት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች፦ እስክሪብቶ፣ ወረቀትና ሰው የማይሰማችሁ ክፍል። ክፍሉ የግድ ነው።

ደረጃ 1፦ ርዝመቱን አትፍሩት

የሁሉም መሳቂያ የሆነው የአንድ መንደር ስም ይኸውና፦

ህላንቫይርፑህልግዊንግህልጎጌረኽወርንድሮቡህልህላንተሲልዮጎጎጎኽ

በላቲን ሲጻፍ 58 ፊደል ነው። ዌልሶች ራሳቸው ሲቆጥሩት ግን 51 ነው። ለምን ቢባል፣ በነሱ ፊደል ጎን ለጎን የተጻፈ ሁለት ኤል እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራል፤ ሲ እና ኤች አብረው ሲመጡም እንዲሁ። ስሙ ውስጥ አምስት ጥንድ ኤልና ሁለት ጥንድ ሲኤች አለ። ሰባቱን ቀንሱ።

ርዝመቱ ከየት መጣ? ቃላቱ መሀል ክፍተት ስለሌለ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። «የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በነጩ ዛፍ ረባዳ» ብላችሁ አንድ ላይ ብትጨፈልቁት የእኛም ያስፈራል። ደግሞ እኛ ማንን እንስቅበታለን? «እንዳናስታውሳቸውምና» ብለን በአንድ ትንፋሽ የምንጽፍ ሰዎች ነን።

ደረጃ 2፦ ፊደሎቹን በእኛ ጆሮ ያዙ

እንግሊዝኛ አንድን ፊደል አሥር ዓይነት ያነባል። የዌልስ ቋንቋ እንደዚያ አያደርግም። አንዴ ሕጉን ከያዛችሁ ቃሉን ባታውቁትም ታነቡታላችሁ።

«አናባቢ የሌለው ቋንቋ» የሚል ቀልድ ትሰማላችሁ። ውሸት ነው። እንግሊዝኛ አምስት የአናባቢ ፊደል ሲቆጥር ዌልስ ሰባት ይቆጥራል፤ ልክ እንደ እኛ ሰባት። ትርፎቹ ሁለቱ ደብሊው እና ዋይ ናቸው። ደብሊው «ኡ» ነው። ስለዚህ ሲ፣ ደብሊው፣ ኤም ተብሎ የተጻፈው ቃል «ኩም» ይባላል፤ ሸለቆ ማለት ነው። እንግሊዙ አናባቢ አጣሁ ብሎ ሲያለቅስ አናባቢው መሀል ላይ ቁጭ ብሏል።

ዋይ ላይ ለእኛ የተዘጋጀ ስጦታ አለ። ዋይ በቃሉ የመጨረሻ ክፍል ላይ ስትሆን በደቡብ «ኢ» ትባላለች፤ በሰሜን ግን ቁርጥ የእኛ ሳድስ ናት፣ «እ»። ከመጨረሻው በፊት ስትመጣ ደግሞ የእኛ ግዕዝ ናት፤ «ለ» ወይም «መ» ስንል የምናሰማት አናባቢ። ተራራ የሚለው ቃላቸው ሁለት ዋይ አለው፤ ሰሜኖቹ «መንዝ» ይሉታል። መጀመሪያው ግዕዝ፣ ቀጥሎ ሳድስ። እኛ አፍ ላይ ያደገ ድምፅ ነው። ዩ የምትባለውም ፊደል በሰሜን ሳድስ፣ በደቡብ «ኢ» ናት። በሰሜኑ ባሕር ዳርቻ ያለችውን የመዝናኛ ከተማ እንግሊዞች «ላንዲድኖ» ይሏታል። የአገሩ ሰው «ህላንድድኖ» ነው የሚለው። ያንን «ድድ» ከእኛ በላይ የሚለው የለም። ይቺን ሳገኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። ሲ ሁልጊዜ «ክ» ናት። ኤፍ ብቻዋን «ቭ» ናት፤ «ፍ» ለማለት ሁለት ኤፍ ይጽፋሉ። ኬ፣ ኪው፣ ቪ፣ ኤክስ እና ዜድ የሚባሉ ፊደሎች ከፊደል ገበታቸው ውስጥ የሉም። ለዚህ ነው እንግሊዞቹ በኤክስ የሚጽፏትን ሬክሳምን እነሱ በሲ እና ኤስ የሚጽፏት። አር ትንቀጠቀጣለች፤ እንደ እንግሊዝኛው አትዋጥም። ሲኤች ደግሞ ከጉሮሮ የሚወጣ «ኽ» ነው። ትግርኛ የሚችል ሰው እዚህ ጋ ምንም ሥራ የለበትም። አማርኛ ብቻ የምንናገር ግን «ህ» እያልን ልናለሳልሰው እንሞክራለን፤ ጉሮሮን ትንሽ መቧጨር ያስፈልጋል።

ሁለት ዲ ጎን ለጎን ካያችሁ ምላሳችሁን በጥርሶቻችሁ መሀል አድርጋችሁ «ዝ» በሉ። ቲ እና ኤች ካያችሁ ምላሱ እዚያው ይሁንና «ስ» በሉ። እዚህ ጽሑፍ ላይ በ«ዝ» እና በ«ስ» የጻፍኩት ሌላ ፊደል ስለሌለን ነው።

ደረጃ 3፦ «ህል»ን ተለማመዱ

ሁለት ኤል። የመላው ትግል እዚህ ነው።

«ል» ልትሉ ምላሳችሁን አዘጋጁ። ጫፉ ከላይ ጥርስ ጀርባ ይለጠፍ። አሁን ድምፅ አታውጡ። ምላሱን ሳታነሱ ዝም ብላችሁ ትንፋሹን ልቀቁት። ትንፋሹ በመሀል መውጫ ስለሌለው በጎንና በጎን ሾልኮ ይወጣል። ጣታችሁን ጉንጫችሁ ዳር ብታደርጉ ነፋሱ ይሰማችኋል፣ አብዛኛው ሰው በአንድ ወገን ነው የሚያወጣው። የተቆጣች ድመት የምታሰማው ዓይነት ነው። ድምፁ ሲመጣ ቀጥ አድርጋችሁ «ኣን» ጨምሩበት፦ ህላን።

እኔ «ህል» ብዬ የጻፍኩት ለማስታወሻ ያህል ነው። «ህ» እና «ል» ተከታትለው ሳይሆን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው። እንግሊዞች አልሆን ሲላቸው «ክላን» ወይም «ስላን» ይላሉ። አልፎ አልፎ «ፍላን»ም ሰምቻለሁ። ከምትቀባጥሩ ተራ «ላን» ማለት ይሻላል። ማንም አይቀየማችሁም። ሦስት ቀን መስታወት ፊት ከሠራችሁ ግን ይመጣል፤ እኔን በአራተኛው ቀን ሻወር ቤት ውስጥ መጣልኝ።

ሲመጣ ህላኔህሊ በሉ። ሁለቴ አለበት። ሴትዮዋን ያሳቀቻቸው እሷ ናት።

ደረጃ 4፦ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ጫን በሉት

ቃሉ ምንም ያህል ቢረዝም አብዛኛውን ጊዜ ጫን የሚባለው ከመጨረሻው በፊት ያለው የቃሉ ክፍል ነው። አቤረስትዊስ ስትሉ «ረስ» ላይ ጫን። አቤርታዌ ስትሉ «ታ» ላይ። አማርኛችን እንዲህ ያለ ግልጽ ጫና ስለሌለው ሁሉንም እኩል እንረግጣለን፤ ያኔ አድማጩ ስሙ የት እንዳለቀ ይጠፋዋል። ድምፆቹን ሁሉ ብታበላሹ እንኳ ጫናውን ካገኛችሁ የአውቶቡስ ሾፌር ይገባዋል። ይህን ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ።

ደረጃ 5፦ ስሙን እንደ ዳቦ ቁረሱት

አሁን እስክሪብቶውን አንሱ። የዌልስ የቦታ ስም ከጥቂት ቁራጮች የተገጣጠመ ነው። ቁራጮቹን ካወቃችሁ ካርታው በሙሉ ይናገራል።

ከ«ህላን» እንጀምር። ዱሮ የታጠረ ቦታ ማለት ነበር፣ ኋላ ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው የተመሠረተው መንደር ሆነ። ቀጥሎ የቅዱሱ ስም ይመጣል። እኛ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ታቦር እንደምንለው ነው፣ ቅደም ተከተሉ ሳይቀር። በአማርኛ «የማርያም ቤት» እንላለን፤ በግዕዝ ግን «ቤተ ማርያም» ነው፣ ባለቤቱ ኋላ ይመጣል። ዌልስ የግዕዙን መንገድ ነው የሚከተለው። ስለዚህ ህላንቫይር የማርያም ናት፤ ህላንቪሃንጌል የሚካኤል፤ ህላንቤድር የጴጥሮስ። በዚህ አገር ካርታ ላይ ሚካኤል ብዙ ቦታ አለው። እኔ ወረቀት ላይ መቁጠር ጀምሬ ደክሞኝ ተውኩት።

«አቤር» ወንዝ ባሕር ውስጥ ወይም ሌላ ወንዝ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ነው። ስዋንሲ በነሱ ቋንቋ አቤርታዌ ናት፤ የታዌ ወንዝ መግቢያ። «ካይር» ምሽግ ነው። ካርዲፍ ካይርዲዝ ትባላለች፤ በታፍ ወንዝ ላይ ያለ ምሽግ። ኒውፖርት ካስኔዊዝ ናት፤ አዲስ ግንብ። «ፖንት» ድልድይ ነው። ፖንተፕሪዝ ማለት «የጭቃው ቤት ድልድይ» ነው፤ ስሙ ውስጥ የነበረው «ቤት» የሚለው ቃል በጊዜ ብዛት ተበልቶ ቀርቷል። «ፔን» ራስ ነው፣ ራስ ዳሽን እንደምንለው። የደቡቡ ከፍተኛ ተራራ ፔን ኧ ቫን ይባላል፤ 886 ሜትር ነው። (ራስ ዳሽንን ያየ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ቢል አልፈርድበትም።) «ህሪድ» ወንዝ በእግር የሚሻገሩበት ቦታ ነው፤ እኛ መልካ የምንለው። «ብሪን» ኮረብታ፣ «ትሬ» መንደር ወይም ከተማ።

ቅጽሎቹ ከኋላ ይመጣሉ፦ ማውር ትልቅ፣ ባኽ ትንሽ፣ ኮኽ ቀይ፣ ግዊን ነጭ፣ ኔዊዝ አዲስ። ለመነሻ ይበቃል። ከቤታችሁ እስከ ሥራ ቦታችሁ ያሉትን ስሞች በዚህ ቆርሱ። እኔ በአውቶቡስ መስኮት «የትልቁ ኮረብታ»፣ «የዴዊ ቤተ ክርስቲያን» እያልኩ ስሄድ መንገዱ የማውቀው አገር መሰለኝ።

ደረጃ 6፦ ፊደል ሲቀየር አትደንግጡ

ማርያም በዌልስ «ማይር» ናት። ታዲያ ለምን ህላን«ቫይር» ሆነች? ምክንያቱም ከፊቷ ያለው ቃል አለሳልሷታል። በዚህ ቋንቋ የቃሉ የመጀመሪያ ፊደል እንደ ጎረቤቱ ይለዋወጣል። «ም» እና «ብ» ወደ «ቭ» ይሄዳሉ፤ «ፕ» ወደ «ብ»፤ «ት» ወደ «ድ»፤ «ክ» ወደ «ግ»። «ግ» ራሷ ጭራሽ ትጠፋለች። ሙሉውን ሠንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ ቃሉን መዝገበ ቃላት ውስጥ ካጣችሁት የመጀመሪያ ፊደሉን ወደ ኋላ መልሱና እንደገና ፈልጉ።

ምሳሌውን ካርዲፍ መግቢያ ላይ ታገኙታላችሁ። ሰሌዳው «ክሮይሶ ኢ ጋይርዲዝ» ይላል፤ እንኳን ወደ ካርዲፍ በደህና መጣችሁ። ከተማዋ ካይርዲዝ ነበረች፣ «ወደ» ስትባል ጋይርዲዝ ሆነች። አንድ ወዳጄ ይህን አይቶ ሌላ ከተማ የገባ መስሎት ለሚጠብቀው ሰው ደውሏል።

ደረጃ 7፦ አሁን ረጅሙን

መንደሩ በሰሜን ምዕራብ ዌልስ፣ አንግልሲ በምትባለው ደሴት ላይ ነው። ደሴቲቱ በራሷ ቋንቋ ኧንስ ሞን ናት። ስሙን እንቁረሰው፦

ህላንቫይር፣ የማርያም ቤተ ክርስቲያን
ፑህል፣ ረባዳ ወይም ጉድጓድ
ግዊን ግህል፣ ነጩ ሃዘል (ለውዝ መሳይ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ)
ጎጌር፣ አጠገብ
ኧ ኽወርን ድሮቡህል፣ ኃይለኛው የውሃ አዙሪት
ህላንተሲልዮ፣ የቅዱስ ተሲልዮ ቤተ ክርስቲያን
ጎጎ ጎኽ፣ ቀዩ ዋሻ

ስትገጥሙት፦ በነጩ ሃዘል ረባዳ ያለችው፣ በኃይለኛው አዙሪት አጠገብ፣ ቀይ ዋሻ ካለበት ከቅዱስ ተሲልዮ ቤተ ክርስቲያን ወዲህ ያለችው ማርያም። ዓረፍተ ነገር ነው እንጂ ስም አይደለም። እኛስ ለታክሲ ሾፌር ቤታችንን ስንነግረው እንዴት ነው? «ከማርያም ወረድ ብሎ፣ ከትልቁ ዋርካ ጎን፣ ድልድዩን ሳትሻገር።»

አፋችሁ እንዲይዘው ከመጨረሻው ጀምሩ። ከመጀመሪያው የጀመረ ሰው መሀል ላይ ትንፋሽ አጥሮት ይቀራል። መጀመሪያ «ጎኽ» ብቻ በሉ። አሥር ጊዜ። ከዚያ «ጎጎጎኽ»። እዚህ ሁሉም ሰው ጎ ያበዛል፤ ሦስት ናቸው፣ ሦስተኛው በ«ኽ» ይዘጋል። ከዚያ «ተሲልዮጎጎጎኽ»። ከዚያ «ህላንተሲልዮጎጎጎኽ»። አሁን «ድሮቡህል»ን ከፊቱ ቀጥሉ። እዚህ ቦታ ላይ አራት ኤል ተከታትሎ ይመጣል፤ ሁለት «ህል» ማለት ነው፤ አንዱ የሚዘጋ አንዱ የሚከፍት። መሀላቸው ላይ ቅንጣት ታህል ቆም በሉ። እንዲህ እያላችሁ ወደ ፊት ውጡ። ወደ መጨረሻው በተጠጋችሁ ቁጥር የምታውቁት መንገድ ስለሚሆን ፍጥነታችሁ ይጨምራል። በሦስት ትንፋሽ ከጨረሳችሁት ጥሩ ነው። በ2015 ሊያም ደተን የሚባል የካርዲፍ ልጅ ቴሌቪዥን ላይ የአየር ሁኔታ ሲናገር ስሙን ሳይደናቀፍ በአንድ ትንፋሽ ጥሎት አለፈ፤ ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። እሱ የአገሩ ልጅ ነው፤ ራሳችሁን አታወዳድሩ።

አሁን ግን አንድ ምሥጢር ልንገራችሁ። ይህ ስም ከጥንት የወረደ አይደለም። የመንደሩ የቀድሞ ስም ህላንቫይር ፑህልግዊንግህል ነበር፤ ረጅም ቢሆንም ደህና ነው። የባቡር ጣቢያው በ1848 ተከፈተ። ከዚያ በ1860ዎቹ አንድ የአካባቢው ሰው፣ ልብስ ሰፊ ነበር ይባላል፣ ቱሪስት እንዲወርድ ስሙን ቀጣጠለው። አዙሪቱንና ቀዩን ዋሻ የጨመረው እሱ ነው ይባላል። ማለትም ዓለም «እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ቋንቋ ነው ያላቸው» እያለ የሚስቅበት ስም ሰዎቹ ራሳቸው ለሳቂው የሸጡለት ዕቃ ነው። ይኸው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ እየሠራ ነው። የመንደሩ ሰው ራሱ ህላንቫይርፑህል ብሎ ያሳጥረዋል።

ደረጃ 8፦ ከሰዎቹ ጋር

ስም መጥራቱን ቻላችሁ እንበል። የቀረው ጠባይ ነው።

መጀመሪያ፣ ዌልስን «እንግሊዝ» አትበሉ። ዌልስ የሚለው ስም ራሱ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ «ባዕድ» ማለት ነበር። ሰው በገዛ አገሩ ባዕድ ተባለ ማለት ነው። እነሱ አገራቸውን «ከምሪ» ይሏታል፤ ሥሩ «የአንድ አገር ልጆች» ነው። ከምሪ በሉ፣ ፊታቸው ሲበራ ታያላችሁ።

ሁለተኛ፣ «ይሄ ቋንቋ ሞቷል አይደል?» አትበሉ። በ2021 ቆጠራ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ነዋሪዎች ወደ 538,000 የሚሆኑት እንናገራለን ብለዋል፤ 17.8 በመቶ ነው። በሰሜን ምዕራቡ ግዊኔዝ 64 በመቶ ይደርሳል። በ1911 ግን 977,000 ነበሩ፣ 43.5 በመቶ። መንግሥታቸው በ2050 አንድ ሚሊዮን ተናጋሪ ለማድረስ አቅዷል። ቁጥሩ የወረደው እንዲሁ በራሱ አይደለም።

እንዴት እንደወረደ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ቀልዱ የት ጋ እንደሚያም የምታውቁት በዚህ ነው። በ1536 የወጣ ሕግ ፍርድ ቤቱንና ሹመቱን ለእንግሊዝኛ ብቻ ሰጠው። በ1847 ደግሞ መንግሥት የላካቸው መርማሪዎች ስለ ዌልስ ትምህርት ቤቶች ሪፖርት ጻፉ። ቋንቋውን የኋላ ቀርነት ምክንያት አደረጉት፤ የሕዝቡንም ሥነ ምግባር ዘለፉ። ዌልሶች ያንን ሪፖርት እስከ ዛሬ «የሰማያዊዎቹ መጻሕፍት ክህደት» ይሉታል፤ ሽፋኑ ሰማያዊ ነበርና። በዚያው ዘመን በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች አንዲት ቁራጭ እንጨት ነበረች። በቋንቋው ሲናገር የተሰማ ልጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል። ሌላ ልጅ ሲናገር ከሰማ ለሱ ያስተላልፋታል። ቀኑ ሲያልቅ እንጨቷ የተገኘችበት ልጅ ይገረፋል። ልጅ ልጅን እንዲሰልል ማለት ነው። አንዷን ሙዚየም ውስጥ አይቻለሁ። መዳፍ የምታህል ናት። ሁለት ፊደል ብቻ ተቀርጾባታል።

በ1962 ሶንደርስ ሉዊስ የተባለ ጸሐፊ በሬዲዮ ቀርቦ «ቋንቋችን እያለቀ ነው» የሚል ንግግር አደረገ። በዚያው ዓመት ወጣቶች ማኅበር አቋቋሙ። በቀጣዩ ዓመት አቤረስትዊስ ድልድይ ላይ ተቀምጠው መንገድ ዘጉ። ኋላም በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፉ የመንገድ ሰሌዳዎችን ቀለም መቀባትና መንቀል ጀመሩ፤ ለዚያም እስር ቤት የገቡ አሉ። ዛሬ በሁለት ቋንቋ የምናየው ሰሌዳ በዚያ የተገኘ ነው። አስፋልቱ ላይ በትልቁ «አራቭ» ተብሎ ተጽፏል፤ ቀስ በሉ ማለት ነው። መጀመሪያ ሳየው በእንግሊዝኛ ንባብ «አራፍ» ብዬ «አርፈህ ንዳ» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ብዙም አልራቅኩም።

ሦስተኛ፣ «እኛ ስንገባ ሆን ብለው ቋንቋ ቀየሩ» የሚለውን ወሬ አትመኑ። ለሁሉም እንግዳ ይነገረዋል። መጠጥ ቤት ትገባላችሁ፣ ሰዎቹ በዌልስ ቋንቋ ያወራሉ፣ ተናደድን ትላላችሁ። ሳትገቡ በፊትም በዚያው ነበር የሚያወሩት። እኛ አውቶቡስ ውስጥ በአማርኛ ስንንጫጫ የሚገላምጠንን ሰው እናውቀዋለን። እሱን አትሁኑ።

አራተኛ፣ ስም ተቀየረብን ብሎ ከሚያማርር ጋር አታማሩ። በ2022 የትልቁ ተራራቸው ፓርክ አስተዳደር ከእንግሊዝኛው ስኖውደን ይልቅ «ኧር ኡይዝቫ» የሚለውን እንዲጠቀም ወሰነ። 1,085 ሜትር ነው። በ2023 ደግሞ የደቡቡ ፓርክ «ባናይ ብረኸይንዮግ» ብቻ እባላለሁ አለ። «ማን ሊጠራው ነው?» የሚል ጩኸት ተነሳ። የሚጠሩት ሰዎች ከድሮም እዚያው አሉ። የእንግሊዝኛውን ስም ብትሉ ማንም አይቀጣችሁም፤ ግን ደረጃ 2ን የሠራ ሰው «ብረ» ላይ እንኳ አይቸገርም። ግዕዝ ናት።

አምስተኛ፣ ሁለት ቃል ይኑራችሁ። ስትገናኙ «ሹማይ» (በሰሜን «ስማይ»)፤ ስታመሰግኑ «ዲዮልኽ»። ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒቱን ተቀብላችሁ «ዲዮልኽ» ብትሉ ብዙ ጊዜ በፈገግታ ይመለስላችኋል። አንዳንዴ ደግሞ የገባችሁ መስሏቸው ያወርዱባችኋል። ያኔ «እየተማርኩ ነው» ማለት ነው እንጂ መሸሽ የለም።

በመጨረሻም ለሥራ ሰሌዳ ወይም ማስታወቂያ የምታዘጋጁ ከሆነ ሰው ሳታስነብቡ አታትሙ። በ2008 ስዋንሲ ውስጥ ከባድ መኪና እንዳይገባ የሚከለክል ሰሌዳ ተተከለ። የእንግሊዝኛው ልክ ነበር። ትርጉሙን የጠየቁት በኢሜይል ነበር፤ የመጣላቸውን መልስ እንዳለ ገልብጠው አተሙት። ሰሌዳው በዌልስ ቋንቋ የሚለው ይህ ነበር፦ «አሁን ቢሮ ውስጥ የለሁም። የሚተረጎም ሥራ ካለ ይላኩ።»

ደረጃ 9፦ ፈተናው

ወደ መንደሩ ለመሄድ በሰሜኑ ጠረፍ ወደ ሆሊሄድ የሚሄደውን ባቡር ያዙ። ጣቢያው ትንሽ ነው፤ መድረኩም አጭር ነው። የጣቢያው ረጅም ሰሌዳ ላይ ለእንግሊዝኛ አንባቢ የሚሆን አጠራር ከሥር ተጽፎላችኋል። እሱን ተዉት፣ የእኛ ፊደል ይበልጣል።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ባቡሩ እዚያ ጣቢያ ሁልጊዜ አይቆምም። መውረድ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ለባቡሩ ሠራተኛ መንገር አለበት። ስለዚህ ከጣቢያው በፊት ተነሡና ሠራተኛው ጋ ሂዱ። ሁሉንም 58 ፊደል ማውረድ አያስፈልግም፤ ለፎቶው ይቆያችሁ። «ህላንቫይርፑህል፣ ዲዮልኽ» በሉት። ስሙን በ«ህል» ዝጉ።